በሃፍቶም ስም የፈረምኩት

ልደታ፣ ጌጃ ሰፈር
ጥቅምት 14 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለተከበሩ ጋሽ ዘርኣብሩክ፣

ጤናዎ እንዴት ሰንብቷል? እኛ ልደታ ማርያም ትመስገን፣ ደህና ነን። እትዬ ብርክቲ «ወንድሜን አንገቱን አቅፈሽ ሳሚልኝ» ብለውኛል። በወረቀት እንዴት እንደሚሳም ባላውቅም ይኸው አድርሻለሁ። የዓይናቸው ጠብታ በሰው እጅ ደርሷል። ቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ ጧፍ ሲሸጡ ብር ከብር እየለዩ ነው፤ ማንም አያታልላቸውም። ደቃቅ ፊደል ግን አሁንም አይታያቸውም፤ የእርስዎን ደብዳቤ የማነበው እኔው ነኝ።

መርሃዊት በስልክ «አባዬ ጆሮው ጭራሽ ዘግቷል፣ ስልክ ላይ የሚጻፈውንም ዓይኑ አይወደውም» ስላለችኝ ነው እንደ ድሮ ሰው ወረቀት የያዝኩት። የልጅዎን ቃል ማክበሬ ነው። የፖስታ ቤቷ ሴትዮ «የኔ እናት፣ ዛሬም ደብዳቤ የሚጽፍ አለ?» ብላ ሳቀችብኝ።

እኔም ሥራ ይዣለሁ። ሃፍቶም አናጢ ሆኖ የሚሠራበት ሕንፃ ላይ የሠራተኛ ሰዓት ተቆጣጣሪ ሆኛለሁ። ጠዋት በር ላይ ቆሜ ማን ገባ፣ ማን ቀረ፣ ማን ረፈደበት እመዘግባለሁ። የእህትዎ ልጅ ዘመድነታችንን ረስቶ «እመቤቴ» እያለ ነው የሚያልፈኝ።

ባለፈው ማክሰኞ ምን የመሰለ ነገር ነበረን መሰለዎ! ሩሃማ የምትባል የደህንነት ባለሙያ መጥታ ግማሽ ቀን ስለ ሥራ ላይ አደጋ አስተማረች። ከከፍታ ላይ መውደቅ፣ ኤሌክትሪክ፣ የሲሚንቶ አቧራ፣ ከባድ ዕቃ በወገብ ማንሳት፣ ሁሉንም። ልጅ እግር ናት፣ ቆንጅዬ፣ ድምፅዋ ግን የፖሊስ ነው። አንድ ሽማግሌ ግንበኛ እጃቸውን አውጥተው «ልጄ፣ እኔ ለመጀመሪያ ጊዜ ከመሰላል ስወድቅ አንቺ አልተወለድሽም» አሏት። ሰው በሳቅ ፈረሰ። እሷ ግን አልሳቀችም።

ሃፍቶም ግን አልነበረም። የግቢያችን እማማ ወለተሰንበት በዋዜማው ዐርፈው የእድሩን ድንኳን የሚተክለው እሱ ነው፤ ያለ እሱ ምሰሶው አይቆምም። ከሥልጠናው የቀረ ቀኑ ይቆረጥበታል፣ ሌላ ጊዜም ይጠራል ተብሏል። የፊርማውን ወረቀት የማዞረው ደግሞ እኔ ነኝ። ስለዚህ በስሙ ፊት እኔው ፈረምኩለት! ፊርማውን ከሱ አሳምሬ ነው የምጽፈው፤ በአንድ ደብተር አብረን ያደግን አይደለን። ማታ ስነግረው «አንቺ ሌባ!» ብሎ ሳቀ።

ለዛሬ በዚህ ይብቃኝ። እግዚአብሔር ዕድሜና ጤና ይስጥልን።

የአጎትዎ የልጅ ልጅ
ሲምረት


ብሬሺያ
ኅዳር 9 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ ለሲምረት፣

የያዝሽውን ሥራ ይባርክልሽ። አንቺ፣ እህቴ ብርክቲ፣ ሃፍቶም፣ የግቢው ሰው ሁሉ እንደምን አላችሁ? እኔ ከጆሮዬ በቀር ሙሉ ሰው ነኝ። ባለፈው እሑድ ቤተ ክርስቲያን ቄሱ «ተቀመጡ» ብለው ሰው ሁሉ ሲቀመጥ እኔ ብቻዬን ተገትሬ ቀረሁ። መርሃዊት በኮቴ ጫፍ ስባ አስቀመጠችኝ። ሰው ጸሎት የበዛልኝ መስሎት ይሆናል።

ደብዳቤሽን ሦስት ጊዜ አነበብኩት። ያ ሽማግሌ ግንበኛ ያሉትን ለብቻዬ እያሰብኩ ስስቅ የአውቶቡሱ ሰው አፍጥጦ አየኝ። ለሃፍቶም መፈረምሽንም ወድጄዋለሁ። ዘመድ ማለት ይኸው ነው! ሰው ለጎረቤቱ ድንኳን ሲተክል ቀኑ የሚቆረጥበት አገር መቼ ነበረን? ፊርማ ምን አላት? ቀለም ናት። እኔ እዚህ ጣሊያን ብረት ፋብሪካ ሃያ ስድስት ዓመት ስሠራ ስንት ወረቀት ፈርሜያለሁ መሰለሽ። የጆሮ መድፈኛ ተረክቤያለሁ ብዬ በየዓመቱ ፈርሜ፣ በየዓመቱ ኪሴ ከትቼ ኖርኩ። ማሽኑ ሲታመም በድምፁ ነበር የምናውቀው። ጆሮውን የደፈነ ሠራተኛ እንደ ፈሪ ይታይ ነበር፤ እኔ ደግሞ ፈሪ መባል አልወድም። ይኸው ደንቁሬያለሁ፣ ግን አልሞትኩም። አናጢ ሙያውን የሚማረው ከመዶሻው እንጂ ጠመኔ ከያዘች ልጅ አይደለም።

ይህችን ለሃፍቶም አንብቢለት፣ ይሳቅ። ብርክቲን ጉንጯን ሳሚልኝ። ለገና የሚሆን ጃኬት በሰው እልክለታለሁ፤ የትከሻውን ልክ ጻፊልኝ።

አምላክ በሰላም ያገናኘን።

አጎትሽ ዘርኣብሩክ


ብሬሺያ
ጥር 6 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለእህቴ ለብርክቲ፣ ሲምረት እንድታነብልሽ፣

እግዚአብሔር ያጽናሽ። እግዚአብሔር ያጽናሽ፣ እህቴ። ሌላ ምን ልበልሽ?

ማክሰኞ ጠዋት በሬን ስከፍት መርሃዊት፣ ባሏና ሁለት የማኅበር ሰዎች ጥቁር ለብሰው ቆመው ነበር። ሳያቸው አንድ ነገር እንዳለ ገባኝ፤ ማን እንደሆነ ግን አላወቅሁም። ሰዎቹ እያለቀሱ አፋቸው ይንቀሳቀሳል፣ እኔ አይሰማኝም። መጨረሻ ላይ ልጄ ወረቀት አውጥታ ጻፈችልኝ፤ «ሃፍቶም ዐረፈ»። መርዶዬን አነበብኩት እንጂ አልሰማሁትም። ስንት ዓመት ስቀልድበት የኖርኩት ጆሮ ለዚህ ቀን እንኳ ሳይሆነኝ ቀረ።

አንድ ልጅሽ ነበር። በእጄ አላሳደግሁትም፤ ግን ስሙን ያወጣሁት እኔ ነኝ። ቀብሩ ላይ አልቆምኩም፣ አፈር አላለበስኩም። ይህ እስክሞት የሚቆጨኝ ነው።

እንዴት እንደሆነ ማንም አልነገረኝም። «ከላይ ወደቀ» ብቻ ነው የሚሉኝ። ከየት ነው የወደቀው? ምን ሲያደርግ? ሲምረት፣ አንቺ እዚያው ነሽና ዝርዝሩን ጻፊልኝ። ሰው የሚያለቅሰውን ነገር ማወቅ አለበት።

ነፍሱን ከቅዱሳን ጎን ያኑርልን።

ወንድምሽ ዘርኣብሩክ


ብሬሺያ
ጥር 30 ቀን 2017 ዓ.ም.

ሲምረት፣

መልስሽ አልደረሰኝም። አርባው እንዴት ወጣ? ብርክቲ እህል ትቀምሳለች? መርሃዊት ስልክ ብትደውልልሽም እንደማታነሺ ነግራኛለች። ታመሽ ነው?

ዘርኣብሩክ


ልደታ፣ ጌጃ ሰፈር
የካቲት 24 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለተከበሩ ጋሽ ዘርኣብሩክ፣

እግዚአብሔር ያጽናዎ። ሁለቱም ደብዳቤዎ ደርሶኛል። ስለዘገየሁ ይቅርታ ያድርጉልኝ። አልታመምኩም። አርባው በተክለ ሃይማኖት ቤተ ክርስቲያን ወጥቷል፤ ሰው በደንብ መጥቷል።

የጠየቁኝን ልጻፍ። ሐሙስ ታኅሣሥ 17 ከምሳ በኋላ ነው። ሃፍቶም ስድስተኛ ፎቅ ላይ ለኮንክሪት የሚሆን ቅርጽ እየሠራ ጣውላ አነሰው። ወለሉ ላይ አንድ ሰፊ ጣውላ ተጋድሞ አየ፤ ቀይ ቀለም ተቀብቶበታል። አነሳው። በሁለት እጁ ፊት ለፊቱ ይዞ አንድ እርምጃ ተራመደ። ጣውላው የተጋደመው ግን ለቧንቧ በተተወ ቀዳዳ ላይ ነበር። ጣውላው ፊቱን ስለከለለው እግሩ የሚያርፍበትን አላየም። እስከ ታች ድረስ ነው ቀዳዳው። እኔ በር ላይ ነበርኩ። ድምፁን ሰምቻለሁ፤ ሲሚንቶ የወረወሩ መስሎኝ ነበር።

ቀይ ቀለም የተቀባ ጣውላ ካለ ከሥሩ ጉድጓድ አለ ማለት ነው፤ አይነሳም፣ አይረገጥም። ሥልጠናው ላይ ተነግሯል።

ድርጅቱ ደብዳቤ ጽፏል። እትዬ ብርክቲ አንብቢልኝ ብለውኝ አንብቤላቸዋለሁ። «ሟቹ ተገቢውን ሥልጠና ወስዶ፣ መረዳቱን በፊርማው አረጋግጦ እያለ፣ የተሰጠውን መመሪያ በመጣስ በራሱ ጥፋት ለደረሰበት አደጋ ድርጅቱ ኃላፊ አይደለም» ይላል። ፊርማው ከሥሩ ተያይዟል። ጠበቃ ይዘናል፤ ፍርድ ቤት ሰኔ ላይ ተቀጥሯል።

እትዬ ብርክቲ እህል ይቀምሳሉ፤ ጧፋቸውንም ይሸጣሉ። የሚያስፈራኝ ሌላ ነገር ነው። ከዚያ ደብዳቤ ወዲህ ለሃፍቶም አያለቅሱም፤ ይቆጡታል። «አስተምረውህ፣ በእጅህ ፈርመህ፣ እምቢ አልክ? እንዲህ ያለ ልብ ነው በሆዴ የተሸከምኩት? ጥጋበኛ!» ይሉታል። ትናንት ጎረቤት «ነፍስ ይማር» ሲላቸው «የማይሰማ ልጅ ነበር» ብለው መለሱ። እርስዎ ያውቁታል፣ ሃፍቶም የማይሰማ ልጅ አልነበረም።

ሌላ የምጽፈው የለኝም። የዓይናቸው ጠብታ አልቋል።

ሲምረት


ብሬሺያ
መጋቢት 22 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለእህቴ ለብርክቲ፣

ሰላምሽ ይብዛ። ጠብታውን ከዚህ ጋር ልኬያለሁ። ልጅሽን አትቆጪው። ሙት ወቃሽ አትሁኚ፤ እሱ መልስ የለውም። ጠበቃው የሚጠይቀው ወረቀት ካለ ንገሪኝ። ቸር አምላክ ልብሽን ያሳርፍልሽ።

ወንድምሽ

(ሲምረት፣ ይህንን ሁለተኛውን ገጽ ለብቻሽ አንብቢው።)

ልጄ፣ አንቺ በደብዳቤሽ ያላልሽውን እኔም ሳልል ልተወው አስቤ ነበር። አልቻልኩም። የጥቅምቱ ደብዳቤሽ እዚህ መሳቢያዬ ውስጥ ነው። አውጥቼ አነበብኩት፤ ከዚያ መልሼ ከተትኩት፤ ከዚያ እንደገና አወጣሁት። ፊርማው የማን እንደሆነ የምናውቀው አንቺና እኔ ብቻ ነን።

አልወቅስሽም። ክፋት አስበሽ እንዳላደረግሽው አውቃለሁ። ወጣት ነሽ፤ ይህ ነገር ቢወጣ ሥራሽ ይሄዳል፣ ምናልባት ከዚያም የከፋ ይመጣል። ብርክቲም ከአንቺ በቀር አጠገቧ ሰው የላትም። እኔም እዚህ ሆኜ ምን እንደሚሻል አላውቅም። ጊዜ እንስጠው።

አንድ ነገር ግን ልለምንሽ። እኔ ኅዳር ላይ የጻፍኩልሽን ደብዳቤ ካለሽ ቅደጂው። ለሳቅ የጻፍኩት ነው። ያ ቃል በብርክቲ ጆሮ ቢገባ ወንድም የላትም።

ዘርኣብሩክ


ልደታ፣ ጌጃ ሰፈር
ሚያዝያ 20 ቀን 2017 ዓ.ም.

ጋሽ ዘርኣብሩክ፣

ጤናዎን እግዚአብሔር ይጠብቅልኝ። ደብዳቤዎን አልቀደድኩትም። አልቀድም።

«አልወቅስሽም» ብለው ጽፈውልኛል። ምነው በወቀሱኝ! ሰው ሲሰድበኝ እንኳ ትንሽ ይቀለኛል። እዚህ ያለው ሰው ሁሉ ያመሰግነኛል። «የሙት ዘመዷን እናት የምትጦር» እያሉ ይመርቁኛል። እትዬ ብርክቲ ማታ ማታ እጄን ይዘው «አንቺ ባትኖሪ ምን እሆን ነበር?» ይሉኛል። ይህችኑ የፈረመችውን እጅ።

እርስዎ የማያውቁትን ልንገርዎ። አንዴ ሳልጽፈው ቀርቻለሁ፣ ሁለተኛ አልዋሽም።

ሥልጠናው ለቀሩት ሰዎች ታኅሣሥ 4 ቀን፣ ዓርብ፣ ተደግሟል። ሃፍቶም ሐሙስ ማታ መጥቶ «ሲምሪ፣ ነገ ልግባ። ለሩሃማ ያን ቀን አልነበርኩም ብዬ ልንገራት» አለኝ። «ተው እባክህ፣ እኔን ልታስባርር ነው?» አልኩት። «አይ፣ አንቺን አላነሳም። ግን ጣውላው ላይ የሚቀቡት ቀይ ቀለም ለምን እንደሆነ እንኳ አላውቅም። ሠልጥነሃል ስለተባልኩ ሰው መጠየቅ አፈርኩ» አለ። እኔም አላውቅም ነበር፤ እሷ ያንን ስታስተምር እኔ ወረቀት እያዞርኩ ነበር። እኔም ሳልሰማ ለራሴም ፈርሜያለሁ።

የእርስዎ ደብዳቤ የደረሰው በዚያው ሐሙስ ነው፣ ጋሼ። ከቦርሳዬ አውጥቼ አነበብኩለት። «ፊርማ ምን አላት? ቀለም ናት» የሚለውን፤ «ፈሪ መባል አልወድም» የሚለውን፤ ጠመኔ ስለያዘች ልጅ ያሉትን። ሆዱን ይዞ ሳቀ። «አጎቴ እኮ ሰው ነው!» አለ። ከዚያ ስለ ዓርብ ደግሞ አላነሳም። እኔም ደስ አለኝ፤ ዳንኩ ብዬ።

ይህንን የምጽፈው እርስዎን ለመውቀስ አይደለም። ውሸቴን ነው፣ ለመውቀስም ነው። ብቻዬን ልሸከመው አልቻልኩም። ግን እንዳይገባ አጥብቄ የያዝኩት እኔ ነኝ፤ ለሱ ሳይሆን ለእንጀራዬ ፈርቼ ነው። ውሃ እያሳሳቀ ነው የወሰደን።

የፋሲካ ዕለት እትዬ ብርክቲ ጾማቸውን ሳይፈቱ ዋሉ። «የማይሰማ ልጅ የወለደች ምን በዓል አላት?» አሉ። ከዚህ በላይ መስማት አልችልም። ልነግራቸው እነሳለሁ፣ ፊታቸውን ሳይ ውሃ ላመጣላቸው እወጣለሁ። እባክዎ ምን ላድርግ? ወይ አሁን ይሳደቡልኝ፣ ወይ ይርዱኝ።

ሲምረት


ብሬሺያ
ግንቦት 16 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለሲምረት፣

ከዚህ ጋር ያለውን ለብርክቲ አንብቢላት። ከመጀመሪያው ቃል እስከ መጨረሻው፤ አንድም አትዝለዪ፣ አታለሳልሺ። ያንቺን እኔ አልጻፍኩም። ያንቺን የምትነግሪያት አንቺ ነሽ፤ ያንን ላነሳልሽ አልችልም። የጥቅምቱን ደብዳቤሽን አብሬ ልኬልሻለሁ። ጠበቃው ጋ ማድረስም፣ ማስቀረትም በእጅሽ ነው። ቅደጂው ያልኩሽን የኔን ደብዳቤ ግን አብረሽ አቅርቢ። በዚያ ቃል አፍሬያለሁ፤ ቅደጂ ባልኩት ደግሞ የበለጠ።

ለእህቴ ለብርክቲ፣

ሰላም ላንቺ ይሁን። ይህንን ስትሰሚ ተቀመጪ።

ልጅሽ የሞተው በእምቢተኛነት አይደለም። ያንን ሥልጠና አልወሰደም። በዚያ ቀን የእማማ ወለተሰንበትን ድንኳን እየተከለ ነበር፤ አንቺም እዚያው ነበርሽ፣ ታስታውሺዋለሽ። በስሙ ሌላ ሰው ፈረመ። እኔ ይህንን ከጥቅምት ጀምሮ አውቅ ነበር። እሱ በሕይወት ሳለ አውቅ ነበር! «ይህ ነገር ነውር ነው፣ ልጁን አስተምሩት» ማለት ሲገባኝ «ጎበዝ፣ ዘመድ ማለት እንዲህ ነው» ብዬ ጻፍኩ። ፊርማ ቀለም ናት ብዬ ጻፍኩ። ሃፍቶም ልማር ብሎ በተነሳበት ቀን ያ ቃሌ ተነበበለትና ቀረ።

ብርክቲ፣ እኔ ማወቅ የነበረብኝ ሰው ነኝ። ከሰው ሁሉ በፊት እኔ። ጆሮዬን የበላው ያው ፊርማ ነው። ወጣት ሳለሁ እንዲህ ብሎ የሚቆጣኝ ታላቅ ቢኖር ዛሬ ድምፅሽን በስልክ እሰማ ነበር። ለልጅሽ ያ ታላቅ መሆን የነበረብኝ እኔ ነበርኩ፤ እኔ ግን ቀለድኩ። ልጅ ሲያስቁት ደስ ይለዋል፣ ሽማግሌም መሳቁን ሲያይ ደስ ይለዋል፤ በዚች ደስታ ነው ልጅሽን ያሳጣሁሽ።

ሲሞት ደግሞ ዝም አልኩ። በራሱ ጥፋት ነው ሲሉሽ እውነቱ መሳቢያዬ ውስጥ ነበር። አምስት ወር ዝም አልኩሽ። ለልጅቷ አስቤ ነው ብዬ ለራሴ ነገርኩት፤ ለራሴ ነው ያሰብኩት።

ይቅር በዪኝ አልልሽም፤ ገና ነው። ልጅሽን ግን አትቆጪው። እኔን ተቆጪኝ።

ዘርኣብሩክ


ልደታ፣ ጌጃ ሰፈር
ሰኔ 22 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለተከበሩ ጋሽ ዘርኣብሩክ፣

እግዚአብሔር ይጠብቅዎ። ከእትዬ ብርክቲ የማደርሰው ሰላምታ የለኝም፤ አልሰጡኝም። የሆነውን በተርታ ልጻፍ።

ደብዳቤዎ በደረሰ ማግስት፣ እሑድ ከቅዳሴ ሲመለሱ አነበብኩላቸው። ጧፍ በአሥር በአሥር እያሰሩ ነበር። እንዳዘዙኝ አንድ ቃል አልዘለልኩም። «በስሙ ሌላ ሰው ፈረመ» የሚለው ላይ ስደርስ ወረቀቱን ዝቅ አደረግሁ። እጃቸው ቆመ። «አንብቢ» አሉ። እስከ መጨረሻው አነበብኩ። «ድሮም ወንድሜ አፉ አያርፍም ነበር» አሉ። ከዚያ ቀና ብለው አዩኝና «ማነው የፈረመው?» ብለው ጠየቁኝ። ማን እንደሆነ ያወቁ ይመስለኛል። ከአፌ እንዲወጣ ነው የፈለጉት።

ነገርኳቸው። ሁሉንም። ወረቀቱን እንዴት እንዳዞርኩ፣ ሐሙስ ማታ ምን እንዳለኝ፣ ምን ብዬ እንዳስቀረሁት። ይመቱኛል ብዬ ነበር። ጎረቤት እስኪሰማ ይጮሃሉ ብዬ ነበር። እሳቸው ግን «ሃፍቶም ምን አለሽ? እንደገና በዪው» አሉ።

«ነገ ልግባ አለኝ።»

«ልማር አለ?»

«አዎ።»

«ቀይ ቀለሙን አላውቀውም፣ ልወቀው አለ?»

«አዎ፣ እትዬ።»

ሦስት ጊዜ አስደገሙኝ። ከዚያ ማልቀስ ጀመሩ። ከታኅሣሥ ወዲህ ያን ዓይነት ለቅሶ አልሰማሁም። «የኔ ጌታ፣ የኔ ሰሚ፣ ክፉ የማትናገር ልጄ፣ ስምህን ጠርቼ አቤት ያላልከኝ ቀን የለ» እያሉ፤ «ስንት ወር ሙሉ የሰደብኩህን እናትህን ይቅር በለኝ» እያሉ። ላቅፋቸው ስል እጄን ገፉት። በቀስታ ነው የገፉት።

ሲረጋጉ «ፍርድ ቤት ሄደሽ ይህንኑ ትናገሪያለሽ» አሉኝ። «እሺ» አልኩ። «ከዚያ ወዲያ ቤቴ አትግቢ። ጠልቼሽ አይደለም፣ እግዜር ይወቀው። ሳይሽ ግን እጅሽን ነው የማየው» አሉ። በማግስቱ አብረን ከምንኖርበት ቤት ዕቃዬን ይዤ የሥራ ባልደረባዬ ዘንድ ሄድኩ።

ሁለቱንም ደብዳቤ ለጠበቃው ሰጠሁ። ሐሙስ ሰኔ 19 ችሎት ቀርቤ ምዬ ተናገርኩ። የድርጅቱ ጠበቃ «ሐሰተኛ ፊርማ መፈረም ወንጀል መሆኑን ታውቂያለሽ?» አለኝ። «አሁን አውቃለሁ» አልኩ። ሩሃማም መጥታ ነበር። ድምፅዋ ያ የፖሊስ ድምፅ አልነበረም። «ፊርማዎቹን እንጂ ሰዎቹን አልቆጠርኩም» ብላ አለቀሰች። ከሥራ በማግስቱ አሰናብተውኛል፤ ክስም ይመጣብሽ ይሆናል ብሎኛል ጠበቃው። ይምጣ። ፍርዱ ለሐምሌ ተቀጥሯል። ምን እንደሚወሰን አላውቅም።

ዳኛዋ መጨረሻ ላይ እትዬ ብርክቲን «እናቴ፣ የሚጨምሩት አለ?» አሏቸው። እትዬ ተነሱ። ጠበቃው ስለ ካሣው እንዲናገሩ ሲያዘጋጃቸው ነበር የሰነበተው። እሳቸው ግን ስለ ካሣ ምንም አላሉም። የችሎቱን ቃል የሚጽፈውን ልጅ በጣታቸው እያሳዩ «ልጄ ልማር ብሎ ነበር። ይህ ይጻፍልኝ» አሉ።

ዳኛዋ ለጸሐፊው ራሳቸውን ነቀነቁለት። እትዬ ብርክቲ አልተቀመጡም። ዓይናቸው ፊደል አያይም፤ የልጁን እጅ ነበር የሚያዩት፣ መጻፉን እስኪያቆም። ሲያቆም «ጨረስክ?» አሉት። «ጨርሻለሁ፣ እማማ» አላቸው። ነጠላቸውን አስተካክለው በአጠገቤ አልፈው ወጡ።

ሲምረት